የድንቅቱ መወጣጫ

ድንቅቱ ወንፊት ተውሳ ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ቆሎ ቢጤ ታደርግበታለች። ሰው ማስቸገር አጥብቃ ትፈራለች። አምቦ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ሰፈር ስታረጅ፣ ድምጿን ከአጥር ውጭ የሰማ ጥቂት ነው።

ልጇ ሃዋኒ ከጉደር ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሽ መኪናዋ መምጣት ስትጀምር ግን ችግር ተፈጠረ። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ዳርና ዳር የተተከለው የጠርዝ ድንጋይ ከፍ ያለ ነው። መኪናዋ ግቢ መግባት አቅቷት ውጭ ታድራለች። ድንቅቱ ግንበኛውን ሌንጮን አስጠራች።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ በበሩ ስፋት ልክ ድንጋዩን ነቅለን ዝቅ አድርገን መትከል ነው» አላት። «ግን መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ያስፈቅዱ።»

ማዘጋጃ ቤት! በዚያ ሁሉ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ምን ትላለች?

«አይ ልጄ፣ ለአንድ መኪና ብዬ ቢሮ አላስቸግርም። ድንጋዩን አትንካው፤ ከፊቱ በሲሚንቶ መወጣጫ አድርግልኝ።»

«ውሃውስ? የጎርፉ መውረጃ እኮ የጠርዙ ሥር ነው።»

«በጋ አይደል?» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

«ኋላ ሌንጮ አልነገረኝም እንዳይሉ!» ብሎ እየሳቀ ሲሚንቶውን አቦካ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ መወጣጫው ጋ ሲደርስ መሄጃ አጣ፤ መንገዱን አቋርጦ ፊት ለፊት ካለው ከጎረቤቷ ከእንቁ ቤት ገባ። ፍራሿም፣ ለመሸጥ ያሰጣችው በርበሬም ራሰ። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ሠሪዎቹን ረገመ። ከሁሉ ቀድማ ባልዲና መወልወያ ይዛ የደረሰችው ድንቅቱ ነበረች።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? እግዜር ይስጥሽ» እያለች እንቁ መረቀቻት። ድንቅቱ አሜን ማለት አቃታት።

ጠዋት የሟች ባሏን ዶማ አውጥታ መወጣጫውን ትቀጠቅጥ ጀመር። እንቁ ድምፁን ሰምታ ወጣች።

«ምነው፣ ምን ነካሽ? ልጅሽ በምን ትግባ?»

«ውሃውን የላክሁብሽ እኔ ነኝ፣ እንቁ። ሌንጮ አስጠንቅቆኝ ነበር።»

እንቁ የተሰበረውን ሲሚንቶ አየች፤ ቀጥሎ የራሷን ደጅ አየች።

«ታዲያ ትናንት ፍራሼን አብረሽኝ ስትገለብጪ ምላስሽ የት ሄዶ ነበር? እነዚያን ሰዎች ስረግም እየሰማሽ!» ብላ በሯን ዘጋች።

ድንቅቱ በርበሬ ገዝታ ላከችላት። በርበሬው እንደ ታሰረ ተመለሰ።

በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ወጣቱ ሠራተኛ ተነስቶ ወንበር ሰጣት፤ ጉዳይዋን ሰምቶም «እማማ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ይህን ለመሸሽ ነበር የሰው ቤት በጎርፍ ያስመታችው።

ሌንጮ ድንጋዮቹን ነቅሎ፣ በበሩ ፊት ዝቅ አድርጎ ተከላቸው። መውረጃውም ተከፈተ።

እንደገና ሲዘንብ ቤት መቀመጥ አላስቻላትም። ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች። ውሃው ጠርዙን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ከማዶ እንቁ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።

«አለፈ?» አለች እንቁ።

«አለፈ» አለች ድንቅቱ፣ ቀና ሳትል።

«እንግዲያስ ምን ያበሰብስሻል? ግቢ! ያን በርበሬ ነገ ይዘሽው ነይ። ብቻዬን ግን አልቀነጥሰውም።»

ድንቅቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ዝናቡ እስኪያባራ ግን ከዚያ ንቅንቅ አላለችም፤ ዓይኗ ከውሃው አልተነሳም።