የእንድሪስ የሐሙስ መንገድ

ታከር፣ የምንኖርበት ከተማ፣ ጎህ ሲቀድ

ከባለቤቴ ከእንድሪስ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የመኪናውን ጎማ መንፋት ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ይነፋል፤ እኔ ቁጥሩን አነብለታለሁ። ሠላሳ ሁለት ስለው የጎማውን ቆብ ገጠመና ወደ ቤት ገባን። በማግስቱ ልቡ ቆመ።

ዒዳዬ፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ፣ ትናንት አበቃ። አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጬ፣ ዛሬ ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሳርላ አረንጓዴ ሳሪያቸው ላይ ሹራብ ደርበው፣ ባዶ የብረት ሳህን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። የህንድ ሰው ናቸው፤ ሂንዱ። መኪና አይነዱም። እንድሪስ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ቤተ መቅደሳቸው አድርሷቸው፣ እስኪጨርሱ ውጭ ይጠብቃቸው ነበር። ከሞተ ወዲህ ሌላ ሹፌር ልፈልግልዎ ብላቸው እምቢ ብለው እኔን ጠበቁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እኔ አደርሳቸዋለሁ።

ጎማዎቹ ላልተዋል። ነዳጅ ማደያው ጋ ፓርክ አደረግኩና እኔ ነፋሁ። ሳርላ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቁጥሩን አነበቡልኝ።

ሀይዌዩ ላይ የቀኙን መስመር ይዤ ቀስ አልኩ። ሳርላ ሰዓታቸውን አዩ።

«በዚህ አነዳድሽ ስንደርስ አምላኬ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ይጠብቀናል» አሉ።

ዶራቪል ገበያ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

የኮሪያ ፊደል፣ የስፓኒሽ ማስታወቂያ፣ የሐላል ሥጋ ቤት፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። በራፉ ታጥቦ ገና እርጥብ ነው፤ የማንጎ ካርቶን ተደርድሯል። ሳርላ ኮኮናቱን ጆሯቸው ላይ እየነቀነቁ ሁለት መረጡ፤ ሦስት ዶላር። ቢጫ አበባም ገዙ። ሙዙን ግን ለሁለት ከፍለው በየፌስታሉ አስገቡት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ይሄ የአምላኬ ነው፤ ይሄ የአንቺ። አምላክ ፊት የቀረበ እንደማትበሉ እንድሪስ ነግሮኛል።»

ደሴ ላይ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጅ ሲድሩ ለእኛ የሚሆነውን ፍየል እንዲያርድላቸው አባቴን ይጠሩት ነበር። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ። አባቴም ልጅ ሲድር እንደዚያው ያደርግ ነበር። በዚህ የተቀየመ ሰው አላስታውስም።

ቤተ መቅደሱ ግቢ፣ ሦስት ሰዓት

ነጭ ሕንፃ፤ ሰፊ ደረጃ፤ ከደረጃው ሥር የጫማ መደርደሪያና አግዳሚ ወንበር። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም ሳርላ አልወረዱም። ሳህኑን ጭናቸው ላይ እያዞሩ፣ ካህኑ ዛሬ የእንድሪስን ስም ጠርተው እንዲጸልዩለት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ይህን ለመጠየቅ ዒዳዬን ሲጠብቁ ኖረዋል። ቤታቸው ውስጥ አማልክታቸው ከቆሙበት መደርደሪያ በላይ እንድሪስ የሰጣቸው የካዕባ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ዓመቱ ቢያልፍም አላወረዱትም። ለእሳቸው አምላክ አንድ ነው፤ የሚለያየው ስሙ ነው።

እሺ ማለት ይቀል ነበር። በእነዚያ ወራት በየማታው በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ነበሩ፤ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አገር የለኝም።

«ለእርስዎ አንድ ነው፤ ለእንድሪስ ግን አልነበረም» አልኳቸው። «እባክዎ፣ ስሙን እዚያ አያስጠሩብኝ።»

ሳህኑን ማዞር ተዉ። አንድ ቤተሰብ ልጆቹን እየጎተተ በፊታችን አለፈ። ዳግመኛ ከእኔ ጋር አይመጡም ብዬ አሰብኩ።

«ሁሉም መንገድ ወደ አምላክ ያደርሳል እላለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከዚያ ደግሞ የእሱ መንገድ እንዳላደረሰው ሁሉ የእኔን ልጨምርለት ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወረዱ። ጫማቸውን መደርደሪያው ላይ አኑረው ሳህኑንና የአምላካቸውን ፌስታል ይዘው ደረጃውን ወጡ። የእኔን መኪናው ውስጥ ተዉት።

አግዳሚው ላይ፣ እንድሪስ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ስልኬን ከፍቼ ከቁርአን ያሲንን ቀራሁለት። ከላይ ደወል ይሰማል። ሳርላ ሲወጡ ግንባራቸው ላይ ቀይ ነጥብ ነበር። የእንድሪስን ስም አላስጠሩም፤ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። አጠገቤ ተቀምጠው አምላካቸው ፊት ቀርቦ የተመለሰላቸውን ከሳህናቸው በሉ፤ እኔም ሙዜን ከመኪናው አምጥቼ ላጥኩ።

ታከር፣ ከቀትር በፊት

በራቸው ላይ አውርጃቸው ገባሁ። ይህን ከጻፍኩ ሰባት ሳምንት አልፎኛል። ሐሙስ ሐሙስ ጎማውን አይቼ ወይዘሮ ሳርላን አደርሳለሁ፤ እስኪወጡም አግዳሚው ላይ ለእንድሪስ ያሲን እቀራለሁ።