ኳሱ እስኪያልቅ የቆየ መርዶ

ጓደኛዬ እንግሊዝኛ የተማረው ከቤዝቦል ነው። ካልጋሪ በመጣ ሰሞን ታክሲ ይነዳ ነበር። ደንበኛ ሲጠብቅ ሬዲዮ ይከፍታል፤ የሬዲዮው ወሬ ደግሞ በጋውን ሙሉ ቤዝቦል ነው። ስለዚህ ሰውየው "ዳቦ ስንት ነው?" ማለት ሳይችል "ወርዋሪው ክንዱ ዝሏል፣ ይቀየር" ማለት ይችል ነበር። አንዴ ወገቡን አሞት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሕመሙን ያስረዳበትን እንግሊዝኛ ብትሰሙ፣ ሐኪሙ በመድኃኒት ፈንታ ጓንትና ዱላ ሊያዝለት ምንም አልቀረውም።

ከተማችን የራሷ ትልቅ የቤዝቦል ቡድን የላትም። በአገሩ ሁሉ ያለው አንዱ በምሥራቅ ነው፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ርቆ፣ ሕዝቡም ገንዘቡም የተከማቸበት ከተማ ውስጥ። ጓደኛዬ ያን ቡድን እንደ ደብሩ ታቦት ይዞታል። እኔ ማንንም አልደግፍም። ከእሱ ቡድን ጋር የሚጋጠም ሁሉ የእኔ ቡድን ነው። ነገ ጨረቃ ላይ ቡድን ተቋቁሞ ቢገጥማቸው የጨረቃን ማሊያ ለብሼ እቀመጣለሁ። በተሸነፉ ቁጥር ስልኩን በመልእክት አጥለቀልቀዋለሁ፦ "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" "ንፍሮ ይዤ ልምጣ?" በመጨረሻ ሰውየው መረረውና ጨዋታ ባለ ቀን ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ጀመረ።

አንድ ቀን ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት ጥብስ እየበላን፣ "ለመሆኑ ከእነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት።

"ዋንጫ መሰለህ?"

"ታዲያ ምን? ጽድቅ?"

"ስማ። ያ ሁሉ ቡድን ተሰልፎ ዋንጫው አንድ ነው። በየዓመቱ አምጡ ብል እብድ ነኝ። ግን ትልቅ ከተማ ላይ ተቀምጠህ፣ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት እየጎረፈልህ፣ እንደ ድሃ መቆጠብ የለም። ቅጠሉ ሲረግፍ ገና ውድድሩ ውስጥ ልገኝ፤ ይሄ መብቴ ነው። ካልሆነ ደግሞ አልሆነም በሉኝ። ዘንድሮ አንረባም በሉኝ። 'ዕቅድ አለን፣ ታገሱ' እያሉ ከረሜላ አይስጡኝ። ሽንፈትስ ለምጄዋለሁ። መታለል ነው የማልችለው።"

"ከሚስትህ እንኳን ይህን ያህል አትጠብቅም።"

"ከሚስቴማ ምን እጠብቃለሁ? ጠባቂዋ እሷ ናት" ብሎ የመጨረሻውን ሥጋ ከፊቴ አነሳው።

ያለፈው ጥቅምት ላይ ቡድኑ እንደምንም እየተንገታገተ ለዋንጫው ውድድር ደረሰ። ከተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጓደኛዬ እንዲህ ባለ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይመጣም፣ ሚስቱን ይልካል። ቅዳሴ ወጥተን ጫማችንን ስናጠልቅ ስልኬ ጠራ። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው። እናታቸው አርፈዋል። ወንድምየው እንደ ወጉ ለእሱ አልደወለም፣ ለእኔ ደወለ። "በሰው ፊት፣ በደንብ አድርጋችሁ ንገሩልኝ" አለና ድምፁ ተቆረጠ።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እዚህ ጎህ ሲቀድ ግማሹ ሰው ሺፍት ላይ ነው። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጥቂት ሰዎችን ግቢው ጥግ ሰበሰቡ። ሚስቲቱን ሴቶቹ ወደ ወጥ ቤት ወስደው ነግረዋታል፤ ለቅሶዋ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል።

"ዛሬውኑ ይነገረው" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጨዋታ አለው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ነው።"

አቀርቅረው አሰቡ። "እንግዲህ እሳቸው አንዴ ሄደዋል። ይይና ትንሽ ደስ ይበለው። እንዳለቀ እንገባለን። ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ቤዝቦል ሰዓት የለውም ጋሼ።"

"እንዴት ሰዓት የለውም?"

"ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪሸነፍ ይቀጥላል።"

"አሁን ቀልድ አያስፈልግም! ኳስ ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ዕረፍቱን ጨምረን እንመጣለን። አንተ ቀድመህ ሂድና አብረኸው ተቀመጥ። ቀልደኛ ነህ፣ አዋዝተህ ያዘው፤ እንዳይጠረጥር።"

ዕድሜ ልኬን በነፃ ስቀልድ ኖሬ፣ በሹመት ቀልድ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ኮርነርስቶን ሰፈር ያለው ቤቱ ደርሼ ደወልኩ። ማሊያውን ለብሶ፣ በላዩ ላይ እናቱ ፈትለው የላኩለትን ጋቢ ደርቦ ከፈተልኝ። ጨዋታ ሲኖር ሁሌ ይደርበዋል። "የእማዬ ጋቢ ላዬ ላይ ካለ አይሸነፉም" ይላል። ብዙ ጊዜ ተሸንፈዋል፤ እምነቱ ግን እንዳለ ነው።

"አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?" አለኝ። "ልትቀብረን?"

ሳቅሁ። ሳቄ በጥር ብርድ አልነሳ እንዳለ መኪና ነበር።

ስልኩ እንደ ልማዱ ተቆልፎበታል፣ በእኔው የተነሳ። ስለዚህ ሥራዬ ቀላል ነበር፤ ያው እኔን መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አንድ ነገር ጣል ላድርግ እልና ዓይኔ ጋቢው ላይ ያርፋል። "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" ምላሴ ጫፍ ላይ ስትደርስ እንደ ዓሣ አጥንት መልሼ ዋጥኳት። እሱ ግን ልጅ ሆኗል። ኳስ በተመታ ቁጥር ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ወርዋሪውን በአማርኛ ይመክራል።

አራተኛው ዙር ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነሳሁት።

"አላለቀም እንዴ?" ጋሼ ናቸው።

"ግማሽ እንኳን አልደረሰም፣ ጋሼ።"

"ሰው በረደው እኮ! በረዶ ጀምሯል!"

በመጋረጃው ጥግ አየሁ። መንገዱ ማዶ መኪኖች ተደርድረው ሞተራቸው ያጨሳል። ጥቁር የለበሱ ሰዎች መስታወቱን በእጃቸው ይወለውላሉ። ለዕድር ስብሰባ ሲባሉ ሁለት ሰዓት የሚያረፍዱ ሰዎች በደቂቃዋ ደርሰዋል።

ሰባተኛው ዙር ላይ መሩ። ስምንተኛው ላይ ተደረሰባቸው። ዘጠነኛው እኩል አለቀ፤ ወደ አሥረኛው ተሻገሩ። ምን እንደምመኝ ጠፋኝ። ቢያሸንፉ፣ እንዲህ የዘለለውን ሰው እንዴት አድርገን ነው የምንጥለው? ቢሸነፉ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን። ስለዚህ እንዳያልቅ ተመኘሁ። አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ እስከ ገና ይቀጥል፣ ጋሼም መኪናው ውስጥ ይጡሙ።

አሥራ አንደኛው ላይ አንዱ መቺያቸው ኳሱን ሰማይ ላይ ሰቀለው። ጓደኛዬ ተነሳ። ኳሱ አጥሩ ጋ ደርሶ ሊያልፍና ነጥብ ሊሆን ሲል ከተጋጣሚው አንዱ ዘሎ በጓንቱ ቀለበው። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

"አይዞህ" አልኩት። "ገና ነው። ጎበዞች ናቸው እኮ።"

ዞሮ አየኝ። "ምን አልክ?"

"ጎበዞች ናቸው።"

የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋው። "ለዚህ ቡድን አንድ ደግ ቃል ተናግረህ አታውቅም። ከመጣህ ጀምሮ አንዴ እንኳን አላፌዝክብኝም። ሳዳምጥህ ነው የዋልኩት።"

"ዛሬ ጉሮሮዬን..."

"ማነው የሞተው?"

ዓይኔ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ሄደ። ተነስቶ መጋረጃውን ገለጠና መኪኖቹን አየ። ሳይዞር፣ "እማዬ ናት?" አለ።

ወጉ ዝም በል ይላል። ጋሼ መጥተው ከመጽሐፍ ቃል፣ ከእግዚአብሔር ሥራ ተነስተው፣ ዙሪያውን ሄደው መንገር አለባቸው።

"አዎ" አልኩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከቅዳሴ ጀምሮ።"

"ሳይጀመር ማለት ነው" አለ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አፉ ላይ ያዘው። ድምፁ ከዚያ ውስጥ ወጣ። መኪኖቹ ድረስ ተሰምቶ ነው መሰለኝ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሰዎቹ በረዶ የያዘ ጫማቸውን እንኳን ሳያወልቁ ገቡ። ጋሼ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት ያዘጋጁትን ንግግር ይዘው መሐል ሳሎን ቆሙ፤ የሚያዳምጣቸው አልነበረም። ከኋላችን ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ይሮጣል። አንዱ ሄዶ ነቀለው።

ሦስቱን ቀን ፍራሽ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ጎኔ ሲቀመጥ ፊቱን ለሳቅ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ትዝ ይለውና ይመልሰዋል።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ ጓደኛዬ ግድግዳውን እያየ፣ "ተሸነፉ አይደል?" አለኝ።

"የሚመጣው ዓመት ይሳካላቸዋል" ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ተሸነፉ" አልኩት። "አሥራ ሁለተኛው ላይ። ወርዋሪው ክንዱ ዝሎ ነበር፤ አልቀየሩትም።"

ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ "ይኸው" አለ፣ "እንዲህ ነው የሚነገረው።"