እርድ ፍለጋ ወደ ሐሙሲት

ከደብረ ታቦር የወጣሁት የአባቴ እግር መሽተት ስለ ጀመረ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ሐኪም የሚገኘው ከጦሩ ምሽግ ብቻ ሲሆን፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ ላይሄዱ ምለዋል። የእግር ጣታቸው ላይ የወጣው ቁስል ክረምቱን ሙሉ አልደርቅ አለ። ውሃ ጠጥተው አይረኩም፤ ሽንታቸው ላይ ጉንዳን ይሰፍራል። "የስኳር በሽታ" የሚለውን ስም የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። ጎረቤታችን እርጥብ እርድ ቁስል ያጠራል ስላለችኝ፣ ገብስ ተሸክሜ ከገበያተኞች ጋር ወረድኩ።

ቁልቁለቱ

የጉና ብርድ እስከ ዓለም በር ተከተለን። ፎገራ ሜዳ ስንደርስ ነጠላችንን አውልቀን አዘልን። ጣሊያን ባወጣው አዲስ መንገድ ካሚዮን በመጣ ቁጥር ወደ ጭቃው እየገባን እናሳልፋለን። ወረታ አድረን፣ ጉማራን ተሻግረን ሐሙሲት ገበያ ገባን።

ዘይነባ የሚባሉ አሮጊት ቅመም ነጋዴ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና እርድ ጎን ለጎን ዘርግተዋል።

"ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው" አሉኝ። የአባቴን ሕመም ስነግራቸው አንዱን የእርድ ሥር ሰብረው ቢጫ ሆዱን አሳዩኝ። "አፍልተሽ በውሃው እጠቢው፤ ከዚያ ወቅጠሽ በማር ለውሰሽ ቀቢው። መግል ሲያደርቅ አይቻለሁ።"

"ጥማቱንስ እማማ?"

"እሱን አላየሁም ልጄ። ያላየሁትን አልሸጥልሽም።"

በገብሱ ለውጬ አንድ ቋጠሮ እርድ ያዝኩ።

ኬላው

ስመለስ ወረታ ኬላ ላይ አንድ ባንዳ ቋጠሮዬን ፈታ። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ አብጧል፤ ሽታው የአባቴ እግር ሽታ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ለወጥ ነው ልል ነበር፤ አፌ ግን እውነቱን አወጣው። "የቁስል መድኃኒት ነው።"

"ሁሉንም ብወስደውስ?"

"ማን ይከለክልሃል? አባቴ ግን እግራቸው እየበሰበሰ ነው።"

ዓይኔ ያበጠ እጁ ላይ አረፈ። ተቀምጬ ሥሩን እኩል ከፈልኩለት፤ አቀባቡንም ነገርኩት። ወንድሜ ጉና ላይ ከአርበኞች ጋር ነበር። ያ እጅ ሲድን ጠመንጃውን በማን ላይ እንደሚያዞር እያሰብኩ አቀበቱን ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። "ያከምሽው ቁስሉን ነው፤ ጠመንጃውን አይደለም" አሉኝ። ለእኔ ግን ሁለቱን መለየት እንዲህ አልቀለለኝም።

እግራቸውን በየጠዋቱ አጠብኩ፣ ቀባሁ። ሽታው ጠፋ፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ቅርፊት ያዘ። ጥማቱ ግን አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥር ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ያየውን ብቻ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ።

የዚያ ሰው እጅ ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ ከጉና በሰላም እስኪገባ ድረስ ግን፣ እንዲድንም እንዳይድንም ለመጸለይ አንደበቴ አልታዘዘልኝም።