ሣሩ የሚከፈትበት ቀን

በጋራ የምንጠብቀው የጓሳ ሣር የሚታጨድበት ቀን በገበያ አይለፈፍም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቀን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ከቤት ወደ ቤት ይነገራል። ለእኔ የሚነግሩኝ አጎቴ ነበሩ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ተምሬ ዘመሮ ላይ በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ከተቀጠርኩ በኋላም አልረሱኝም። «ነገ ነው፣ ማጭድሽን ሞርጂ» ይሉኝ ነበር በስልክ።

መሥሪያ ቤቴ ለተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ ሥልጠና ደብረ ብርሃን ላከኝ። መምህሩ ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይህን አልክድም። የጋራ ግጦሽ ለምን እንደሚራቆት በጎች እየሣለ አስረዳን፤ ሰው አንድ በግ ሲጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው። «የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት የለውም» ሲል እጄን አወጣሁ።

«የኛ አለው» አልኩት።

ወደ ሰሌዳው ጠራኝና አወራሁ። ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት እንደሚዘጋ፣ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት እንዴት እንደሚታወቅ። ሁሉም ጆሮውን ሲሰጠኝ ጊዜ ሞቅ አለኝና ስለ ሸለቆዋም ነገርኩ። ከጓሳው ጫፍ አንዲት ሸለቆ አለች። ሣሩ በተዘጋበት በክፉ ዓመት፣ የእርሻ በሬው የከሳበት ችግረኛ እዚያ ያሰማራል፤ ሽማግሌዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። በሕጉ የለችም። ሕጉን ያቆየችው ግን እሷ ናት አልኩ፤ በሬው ሊሞትበት ያለ ሰው ክልከላ አያከብርምና። «ይህን መጽሐፍ አያስተምርም» አለ መምህሩ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቦታውን ሊያይ መጣ። አጎቴ ፈረሳቸውን ለቀውለት፣ እሳቸው በእግራቸው እየመሩ ሸለቆዋን አሳዩት። ከቤታቸው በላ፣ ጠላቸውን ጠጣ። «ማነው የሚጠቀምባት?» ሲላቸው «የተቸገረ» አሉት። ሲሄድ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ተሰናበታቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዘመሮ አዳራሽ ውስጥ የጓሳ አዲስ ዕቅድ ቀረበ። ያቀረበው መምህሩ ነው። ሸለቆዋ በካርታው ላይ በቀይ ተከብባለች፤ «የቁጥጥር ክፍተት» የሚል ተጽፎባታል። ከእንግዲህ ዝግ ናት፣ ጠባቂም ይቆምባታል። «ይህንን ያወቅነው ከአካባቢው ተወላጅ ባለሙያ ነው» አለና ፈገግ ብሎ አየኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጎቴ ብቻ አልዞሩም።

ደጅ ላይ ያዝኩት። «ስሜታዊ አትሁኚ፣ አመስግኜሻለሁ እኮ» አለኝ። አመስግኖኝ ሞቷል! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፤ ነካሹ ደግሞ ውለታ የዋለልኝ ይመስለዋል። ያስተማረኝን አሁንም በየቀኑ ሥራ ላይ አውለዋለሁ፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው? «እኔ ትዘጋ አላልኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። የአጎቴ ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሬዋን ወደ ሸለቆዋ ስትነዳ ጠባቂው መለሳት። እርሻ ሳይደርስ ሸጠችው። ማሳዋን ሌላ ሰው የምርቱን ግማሽ ሊወስድ በእኩል አረሰላት።

ዘንድሮ ስልኬ አልጠራም። አንድ ጠዋት ለሥራ ወደ ጓሳ ስወጣ መንገዱ ሣር በጫኑ ፈረሶችና አህዮች ተሞልቶ አገኘሁት። አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ማጭድ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎቴ ፈረሳቸውን እየሳቡ ከፊት ለፊቴ መጡ። ሲያዩኝ ቆሙ፤ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወደ ኋላቸው፣ ወደሚከተሏቸው ሰዎች ዞር ብለው ተመለከቱ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም።