ፋብሪካው እስኪከፈት

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከመኪናዬ ጎን የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ ሲያጨስ የልጅነት መኝታ ቤቴ ሸተተኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። አባዬ ሁለተኛ እጅ የገዛትን የስፔን ሞተር "ውጪ ትሰረቃለች" ብሎ ከአልጋዬ አጠገብ ፓርክ አደረጋት። አትነሳም። ፋብሪካዋ ከተዘጋ ቆይቷል፣ መለዋወጫ የለም። ዘይቷ ግን ምንጣፌ ላይ ይንጠባጠባል።

እማዬ ሲመርራት ሽማግሌ ጠራች። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁት ጋሽ ታደሰ መጥተው ሞተሯን ዞረው አዩ።

"የተዘጋ ፋብሪካ ሞተር ምን ያደርግልሃል? ልጅቷ የት ትተኛ?"

"ጋሼ፣ በደጉ ጊዜ የዚህን ፋብሪካ ሞተር በውድድር የሚችለው አልነበረም እኮ። ፋብሪካው ተዘጋ እንጂ አልሞተም። ሲከፈት ዕቃ አስመጣለሁ።"

ጋሽ ታደሰ ኮርቻዋ ላይ ወጥተው መሪዋን ጨበጡ። ያኔ ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ።

"በሉ፣ ፋብሪካው እስኪከፈት ትቆይ" ብለው ፈረዱ።

የሽማግሌ ቃል አይጣልምና እማዬ ዘይቱን የሚቀበል ጣሳ ከሥሯ ደቀነች። እኔን የጠየቀኝ የለም። የሚቀጥለው ሳምንት የሚከፈት መስሎኝ ነበር። ከሞተሯ ጋር እየተኛሁ አደግኩ።

ባለፈው ወር አባዬ የኪስ መጥሪያዬን፣ ፔጀሬን፣ ደጋግሞ ሲያስጮኸው ደነገጥኩና ደወልኩለት።

"ፋብሪካው ተከፈተ፤ አላልኩሽም? ግን አዲስ ሞዴል ብቻ ነው የሚሠሩት። ለኔዋ ዕቃ የላቸውም።"

"እና ትሸጣታለህ?"

"አሁንማ ብርቅ ሆነች፣ እንዴት ትሸጣለች? አዲሷንም ላዝዝ ነው። ስሚ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የተከራየሽው ቤት ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው አይደል?"