ቀጭ የሚለው ካቻቢቴ

ኅዳር 9 ቀን። በመዝገብ ቤታችን ኮሪደር ባለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ብሎኖች በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ አምስቱ ምልክት የላቸውም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳይጨርሳቸው ትናንት ሌሊት በእንቅልፉ ሞተ።

የደረት ኪሱ የተጣፈ ሰማያዊ ቱታ ይለብስ ነበር። ካቻቢቴውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈትቶ የጥብቀቱን ልክ እጀታው ላይ ይሞላል። ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ ካቻቢቴው ቀጭ ይላል፤ እሱም ወዲያው እጁን አንስቶ ብሎኑን በቀይ ምልክት ያደርግበታል።

ዘበኛው አንድ ቀን ቀለደበት። «አንተ ሰውዬ፣ ለብሎንም መለኪያ? ክንድህ የት ሄደ?»

«ክንዴማ ጉድ ሠራኝ፣ ጋሼ» አለ ሳይዞር። «የሴት ልጄን ቤት የመብራት መስመር በክንዴ ነበር ያጠበቅኩት። አንዱ ብሎን ላላ፣ ጋለ፣ ከዚያ ቤቱ ተቃጠለ።»

ዘበኛው ዳግመኛ አልቀለደም። እኔም ልጅቷ ተርፋ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ዛሬ የግል ማኅደሩን ስከፍት «የቅርብ ዘመድ» በሚለው መስመር ላይ አንድ የሴት ስም ተጽፎ፣ በማስመሪያ ተሰርዞ አየሁ።

ከትናንት በስቲያ፣ አሥራ ዘጠነኛውን እንዳጠበቀ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ።

«በቃ፣ ከወደቀ አይታመንም» አለ።

«አምስት ብቻ እኮ ነው የቀረህ» አልኩት።

«የልጄ ቤቱም አንድ ብቻ ነበር፣ እህቴ።»

ትናንት በሁለት አውቶቡስ ወደ ልኬት ቢሮ ሄዶ አስፈተሸው። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የምስክር ወረቀቱን ሰጠኝና «ፋይል አድርጊልኝ፤ ነገ እጨርሳለሁ» አለኝ። ቁጥሮቹን አንብቤ ማኅደሩ ውስጥ አስገባሁት። መውደቁ ካቻቢቴውን ምንም አላዛባውም ነበር።