መርፌዋ የት ናት?

የምንኖረው ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ክትባት አምልጦት ክሊኒኩ ኮል ሲያደርግ ፈርቼ አላነሳም ነበር። አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሽማግሌ ሐበሻ ቦርሳ ይዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ለመርፌዋ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "የሕፃኑ ክፍል ውስጥ ናት ብለውኛል።"

ለካ ለክትባት ቤት ድረስ ይመጣሉ! ልጄን አፈፍ አድርጌ ባኞ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉ ከውጭ ሆነው። "ቀላል እኮ ናት። ጫፏ ሹል ነው፤ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ጥብቅ ስትል ትዘጋለች። ትንሽ ሳዞራት ወጣ ትልና በቀጭኑ ታሳልፋለች። ጋዝ ላይም ኦክስጅን ላይም የሚጠቀሙት እሷኑ ነው።"

ኦክስጅን ሲሉ ጭራሽ ልጄን አጥብቄ አቀፍኩት። ልጄ ምን ሆኖ ነው ኦክስጅን የሚያስፈልገው?

"አባባ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ገና ጡት ያልጣለ ነው፤ አይውጉብኝ!" አልኩ እያለቀስኩ።

"ማንን ነው የምወጋው?" አሉ። "ሂተሩን?"

ለካ መርፌ የሚሏት የልጄን ክፍል የሚያሞቀው ሂተር መክፈቻና መዝጊያ፣ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ሹል ብረት ነው። ሂተሩ ያፏጫል ብዬ ለጥገና ኮል አድርጌ ያስመጣኋቸውም እኔው ነኝ።